ከኒስ እስከ ላ ቱርቢ፦ የዘመናዊው መኪና ዳገት

እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1900 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ውስጥ የመኪና ሳምንት ነበር። ከከተማዋ ተነሥቶ ተራራው ላይ ወዳለችው ላ ቱርቢ መንደር የሚወጣውን ዳገት ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ ለማየት ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ተሰልፏል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቪልሄልም ባወር ይባላል። እንደ ብዙዎቹ ባላባትና ባለሀብት አይደለም፤ የጀርመኑ ዳይምለር ፋብሪካ ፎርማን ነው። የያዘው መኪና "ፎኒክስ" የተባለው፣ 23 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ገና መጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናው አልታዘዝ አለው፤ ከመንገዱ ዳር አለት ጋርም ተላተመ። ባወር በማግስቱ ሞተ።

በዚያ ጠረፍ በስፖርት መኪና ለመዝናናት የሚያቅድ ሰው ከሆቴሉና ከኪራዩ ዋጋ በፊት ይህን ዳገት ቢያውቅ ደግ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚነዳው ዝቅና ረዘም ያለ፣ መሬት የሚቆነጥጥ መኪና መልኩን ያገኘው ከዚህ አደጋ በኋላ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ከመኪናው በጣም ይቀድማል። ኒስንና ሞናኮን የሚለያያቸው ርቀት ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የአልፕስ ተራሮች እዚያ ላይ ድንገት ባሕር ውስጥ ስለሚገቡ ለመንገድ የሚሆን ሜዳ የለም። ሮማውያን በላይ በኩል፣ ተራራውን ይዘው አለፉ። አውግስጦስ ቄሣር የአልፕስ ጎሳዎችን ድል ያደረገበት መታሰቢያ፣ ከክርስቶስ ልደት 6 ዓመት በፊት የቆመው የድንጋይ ሐውልት፣ ዛሬም ከፊሉ ላ ቱርቢ ላይ ይታያል። ናፖሊዮን በተራው ሠራዊቱን ወደ ጣሊያን የሚያሳልፍበት መንገድ ሲፈልግ መሐንዲሶቹ በከፊል የሮማውያንን ፈለግ ተከተሉ። ግራንድ ኮርኒሽ የሚባለው፣ ዛሬ ኒስንና ሞናኮን ከሚያገናኙት ሦስት የኮርኒሽ መንገዶች ከፍተኛውና ኤዝ በተባለው ኮረብታ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትርን የሚያልፈው መንገድ የተወለደው እንዲህ ነው። ለጦር የተሠራ መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱም፣ ድንገት የሚታጠፈው ኩርባውም ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዶቹን ወደዚህ ያመጣቸው ግን በሽታ ነበር። በ1834 የቀድሞው የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር ሄንሪ ብሩም የታመመች ልጁን ይዞ ወደ ጣሊያን ሲጓዝ፣ ኮሌራ ስለ ገባ ያኔ ቫር ወንዝ ላይ የነበረው ድንበር ተዘግቶ አገኘው። ተመልሶ ካን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ አደረ። ቦታው ስለ ተስማማው መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ፤ በ1868 እስኪሞትም ክረምቱን እዚያው ማሳለፍ ልማዱ ሆነ። እርሱን ተከትለው የመጡት እንግሊዛውያን፣ ኋላም ሩሲያውያን፣ ሳንባቸውን ለማሳረፍ ከብርድ የሸሹ ነበሩ። ስለዚህ ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነበር፤ በጋ ሲገባ ሆቴሎቹ ይዘጋሉ። በኒስ ታዋቂው የባሕር ዳር ጎዳና፣ ፕሮምናድ ዴዛንግሌ፣ ራሱ የዚህ ወቅት ልጅ ነው፦ በ1820ዎቹ አስከፊ ብርድ ሥራ ያጡ ድሆች ከተማዋን ሲያጥለቀልቁ ሉዊስ ዌይ የተባለው ቄስና ሌሎች እንግሊዛውያን ገንዘብ አዋጥተው የእግር መንገድ ያሠሯቸው ጀመር።

ኒስ በ1860 ለፈረንሳይ ተሰጠች። በቀጣዩ ዓመት ሞናኮ፣ ማንቶንንና ሮክብሩንን በ4 ሚሊዮን ፍራንክ ለፈረንሳይ ለቀቀች፤ ግዛቷ ከተቆረሰ በኋላም ኑሮዋን ከካዚኖ መፈለግ ግድ ሆነባት። በዚያው ውል ፈረንሳይ ከኒስ እስከ ሞናኮ የሠረገላ መንገድ ልትሠራ ቃል ገባች። ባሕሩን ታክኮ የሚሄደው ባስ ኮርኒሽ የመጣው በዚህ መነሻ ነው። ባቡሩ በ1864 ኒስ፣ በ1868 ሞናኮ ደረሰ። መካከለኛው መንገድ፣ ሞዬን ኮርኒሽ፣ ገና ሩቅ ነበር፤ የተጠናቀቀው በ1928 ነው።

እንግዲህ ገንዘብ፣ ፀሐይ፣ ሥራ ፈት ጊዜና ጠመዝማዛ ዳገት በአንድ ቦታ ተገናኙ። የጎደለው አንድ ሰው ነበር።

ያ ሰው ኤሚል ዬሊኔክ ነው። በ1853 ላይፕዚግ ተወለደ፤ አባቱ የታወቁ የአይሁድ ረቢ ነበሩ። በንግድ ሀብት ካፈራ በኋላ ክረምቱን ኒስ ማሳለፍ ጀመረ፤ ከዳይምለር መኪና እየገዛም ለወዳጆቹ ይሸጥ ነበር። መኪናዎቹ ፍጥነት አነሳቸው እያለ ፋብሪካውን በደብዳቤና በቴሌግራም ዕረፍት ነሳው። በ1899 ወደ ውድድር ሲገባ ራሱን ያስመዘገበው "ሙሴ መርሴዴስ" ብሎ ነው፤ መርሴዴስ በ1889 የተወለደች ልጁ ናት።

የባወር ሞት ዳይምለር ኩባንያን ክፉኛ አናጋው። መሥራቹ ጎትሊብ ዳይምለር በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ሞተዋል፤ በወሩ ማብቂያ ፎርማኑ ተከተለ። ከእንግዲህ ውድድር ይቅር የሚሉ በረቱ። ዬሊኔክ ግን ሌላ አለ። ፎኒክስ አጭርና ቁመቱ የረዘመ፣ ከባድ ሞተር የተሸከመ መኪና ስለ ሆነ ኩርባ ላይ መገልበጡ አይቀርም፤ መታረም ያለበት መኪናው ነው ብሎ ተከራከረ። ይህን በወሬ ብቻ አልተወውም፦ በኤፕሪል 1900 መጀመሪያ፣ አደጋው ሳምንት ሳይሞላው፣ 36 መኪና በ550,000 የወርቅ ማርክ አዘዘ። የጠየቀው ግልጽ ነበር፤ ረዘምና ሰፋ ያለ፣ ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ፣ ሞተሩ የቀለለ መኪና፣ ስሙም የልጁ ስም ይሁን።

ሥራው የዋና መሐንዲሱ የቪልሄልም ማይባህ ነው። ሻንሲውን ከተጨመቀ ብረት አበጀው፣ ሞተሩን ወደ ታች አወረደው፣ ኃይሉን ወደ 35 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ራዲያተሩ ነው። ማይባህ ስድስት ሚሊ ሜትር በስድስት ሚሊ ሜትር የሆኑ 8,070 ትናንሽ የብረት ቱቦዎችን አንዱን ከሌላው ጎን በይዶ፣ የማር እንጀራ የመሰለ ጠፍጣፋ ሣጥን ሠራ። ነፋሱ በቱቦዎቹ ቀዳዳ ያልፋል፤ ውኃው በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ይወርዳል። በዚህ ዘዴ ዘጠኝ ሊትር ውኃ ብቻ ሞተሩን ለማብረድ በቃ። ዳገት ላይ ማሞቅ የመኪና ሁሉ ደዌ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በመኪና ፊት ላይ የምናየው የራዲያተር ወንፊትም የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመዘዛል።

በማርች 1901 አዲሱ መኪና ኒስ ላይ ቀረበ። ቪልሄልም ቨርነር ከኒስ ሳሎን ደርሶ መልስ የሆነውን 392 ኪሎ ሜትር በአማካይ 58 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዳ አሸነፈ። ባወር የሞተበት የላ ቱርቢ ዳገት ላይ ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ 51.4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 31.3 ነበር። በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ከዚያ በፊት አልታየም። መርሴዴስ የሚለው ስም በ1902 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ፤ ዬሊኔክም በቀጣዩ ዓመት የገዛ ስሙን ዬሊኔክ መርሴዴስ አስባለ። አባት በልጁ ስም ሲጠራ ብዙ አልተለመደም።

ባወር ከዚህ ዝና ድርሻው አልደረሰውም። የሕፃኗ ስም በየአገሩ ጎዳና ሲዞር፣ ያ ሁሉ ማሻሻያ በማን ሕይወት እንደ ተገዛ የሚያውቀው የመኪና ታሪክ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ፎርማን የፋብሪካው ባለሙያ እጅ ነው፤ ለውድድሩም የተላከው መኪናውን ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ነው። የላ ቱርቢን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ በእርሱ ቢጀምር ተገቢ ነው።

ዳገቱ በዚህ አልበቃውም። በኤፕሪል 1903 ኮንት ኤልዮት ዝቦሮቭስኪ የተባለው ባለሀብት፣ በዚያው ውድድር፣ መርሴዴስ ሲነዳ ሞተ።

በዚያው ዓመት ግን ከካን ወደ ምዕራብ ሌላ ዓይነት መንገድ ተከፈተ። የፈረንሳይ ቱሪንግ ክለብ አስተባብሮ ያሠራው "የወርቅ ኮርኒሽ" በኤስትሬል ተራራ ቀይ አለቶችና በባሕሩ መካከል እየተጠማዘዘ ሳን ራፋኤል ይደርሳል። ጦርም ንግድም አላሠራውም፤ ሰው እየነዳ አገር እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ነው።

ሞናኮም ዝም ብላ አላየችም። በጥር 1911 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ጀመረች፦ 23 መኪናዎች ከተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች በብርድ ተነሥተው ወደ ፀሐይዋ ከተማ እንዲመጡ። አሸናፊው ሄንሪ ሩዥዬ ሲሆን፣ ዳኞቹ ከፍጥነቱ ሌላ የመኪናውን ውበትና የተሳፋሪውን ምቾት ሳይቀር ነጥብ ስለ ሰጡ ብዙ ክርክር ተነሣ። ቀጥሎ አንቶኒ ኖጌስ በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ውድድር አሰናዳ። በኤፕሪል 14 ቀን 1929 የተካሄደው የመጀመሪያው የሞናኮ ግራንድ ፕሪ 100 ዙር ነበር። ያሸነፈው ዊልያም ግሮቨር ዊልያምስ ሲሆን፣ የነዳውም አረንጓዴ ቡጋቲ ነበር፤ ሦስተኛ የወጣው ሩዶልፍ ካራቾላ በመርሴዴስ ነው። ግሮቨር ዊልያምስ ወጣት ሳለ የሠዓሊው ዊልያም ኦርፐን ሾፌር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ በስውር እየሠራ ናዚዎችን ሲዋጋ ተያዘ፤ በ1945 በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ተገደለ። በዚህ ጠረፍ ታሪክ ውስጥ ከእርሱ የሚበልጥ ሾፌር ማግኘት ያዳግታል።

ለመዝናናት በረጅሙ የመንዳት ልማድ በዚሁ ዘመን ሥር ሰደደ። በማርች 1930 የቤንትሌይ ኩባንያ ሊቀ መንበር ዉልፍ ባርናቶ፣ ከጠረፉ ወደ ካሌ የሚሄደው "ሰማያዊ ባቡር" ካሌ ሳይደርስ እኔ ለንደን እገባለሁ ብሎ በ100 ፓውንድ ተወራረደ። ከካን ካርልተን ሆቴል ማምሻውን ተነሥቶ በዝናብና በጭጋግ ሲነዳ አደረ፤ መኪናውን በመርከብ አሻግሮ በማግስቱ ለንደን ገባ። የቀደመው በአራት ደቂቃ ነው። ሰፊው ሕዝብ ግን ወደ ባሕሩ መምጣት የቻለው በ1936 የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኛው የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያለው ዕረፍት ከደነገገ በኋላ ነው። ከፓሪስ ማንቶን ድረስ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋ የነበረው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 7 ከጦርነቱ በኋላ በየበጋው በመኪና ይጨናነቅ ጀመር። ክረምቱ የሀብታም፣ በጋው የሁሉም ሆነ ማለት ይቻላል።

በ1955 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ተዋናይቷን ግሬስ ኬሊን ክፍት መኪና አስይዞ በእነዚህ መንገዶች ሲያስከንፋት ዓለም ሁሉ ቦታውን አወቀው። በቀጣዩ ዓመት የሞናኮ ልዕልት ሆነች። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1982 ከላ ቱርቢ በኩል ወደ ሞናኮ በሚወርደው መንገድ መኪናዋ ኩርባ ስቶ ገደል ገባ፤ በማግስቱ በ52 ዓመቷ ዐረፈች።

ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው እንግዲህ ወቅቱን ከቀደምቶቹ ይማር። ሐምሌና ነሐሴን ትቶ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢሄድ መንገዱ ባዶ፣ የኤስትሬል ሚሞዛም ያበበ ይሆንለታል። የግራንድ ፕሪውን ሳምንት ይሽሽ፤ በዚያን ጊዜ የከተማዋ ጎዳና ለእንግዳ አይደለም። ከኒስ በማለዳ ተነሥቶ ግራንድ ኮርኒሽን ይውጣ፣ ላ ቱርቢ ላይ ቆሞ የአውግስጦስን ሐውልት ይይ፣ ከዚያ ሞዬን ኮርኒሽን ይዞ ኤዝ መንደር ይግባ፣ ሲመሽ በባስ ኮርኒሽ ይመለስ። የወርቅ ኮርኒሽን ለብቻው ሌላ ቀን ይስጠው። ሲወርድም ፍሬኑን ብቻ አይመን፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ይተው፣ ባሕሩን ማየት ካማረውም ዳር ይዞ ይቁም።