የቶሮንቶ አፈር ሜዳና የተረሱት ጥንዶች

በኦገስት 1974 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቶሮንቶ በተካሄደው የካናዳ ኦፕን ቴኒስ የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ጁሊ ሄልድማን በአገሯ ልጅ በክሪስ ኤቨርት 6 ለ 0 እና 6 ለ 3 ተሸነፈች። ኤቨርት ገና የ19 ዓመት ወጣት ብትሆንም በአፈር ሜዳ ላይ የሚችላት አልነበረም። ከ1973 ኦገስት እስከ 1979 ሜይ ድረስ በአፈር ሜዳ 125 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፋለች። የቶሮንቶው ድልም ከእነዚህ አንዱ ነው። በየመዝገቡ በጉልህ የሚገኘውም ይኸው ነው።

በዚያው ውድድር ሄልድማን ከጌይል ሻንፍሮ ጋር ተጣምራ የጥንድ ዋንጫውን መውሰዷን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሻንፍሮ በአውስትራሊያ ተወልዳ ለፈረንሳይ የተጫወተች፣ በአፈር ሜዳ የጥንድ ጨዋታ የተካነች ሴት ናት። የፓሪሱን የሮላን ጋሮስ የጥንድ ዋንጫ አራት ጊዜ፣ በ1967፣ በ1970፣ በ1971 እና በ1976 አንስታለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያገኘችው ከፍራንስዋዝ ዱር ጋር ሲሆን፣ ዱር ራሷ በ1971 የካናዳ ኦፕን የነጠላ አሸናፊ ነበረች። የሄልድማንም ታሪክ ቀላል አይደለም። በ1970 በሎስ አንጀለስ የነበረ አንድ ውድድር ለወንዶች አሸናፊ 12,500 ዶላር፣ ለሴቶች ደግሞ 1,500 ዶላር ብቻ መድቦ ነበር። በዚህ የተቆጡ ዘጠኝ ተጫዋቾች ሂውስተን ላይ በአንድ ዶላር ውል ፈርመው የሴቶችን የፕሮፌሽናል ቴኒስ መንገድ ከፈቱ። ሄልድማን ከዘጠኙ አንዷ ናት፤ ውሉን ያዘጋጀችው እናቷ ግላዲስ ሄልድማን ናት። እንዲህ ያሉ ሁለት ሴቶች ያሸነፉት ዋንጫ ከግርጌ ማስታወሻ የተሻለ ቦታ ይገባው ነበር እላለሁ።

የካናዳ ኦፕን ዕድሜ ጠገብ ውድድር ነው። የወንዶቹ በ1881 በቶሮንቶ ተጀመረ፤ የሴቶቹ በ1892 ተከተለ። ዛሬ ካሉት ታላላቅ ውድድሮች በዕድሜ የሚበልጡት ዊምብልደንና የአሜሪካው ኦፕን ናቸው። በ1970ዎቹ ሮትማንስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ ስሙን ሰጥቶ ይደግፈው ነበር። ኳሱ የሚነጥረውም እስከ 1978 ድረስ በአፈር ላይ ነበር።

የአፈር ሜዳ የጥንድ ጨዋታን መልክ ይለውጠዋል። ኳሱ መሬት ሲነካ ፍጥነቱን አፈሩ ይይዘውና ከፍ ብሎ ይነሳል። በሳር ላይ በአንድ ምት የሚያልቀው ነጥብ እዚህ ይረዝማል። መረቡ አጠገብ የቆመችው ተጫዋች አናቷ ላይ ኳስ ይቀዳባታል፤ ከኋላ ያለችው አቋርጣ ትሮጣለች፤ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። እግር ሲንሸራተት ረጅም ጭረት ይተዋል፤ ኳስ ያረፈበትም ቦታ ምልክት ይቀራል። አከራካሪ ኳስ ሲኖር ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አይቶ ይፈርዳል። ከዚያ በእረፍት ላይ ሜዳው በመጎተቻ መረብ ይስተካከላል፤ ነጩ መስመርም በመጥረጊያ ይጠረጋል። በአዲስ አበባ የቴኒስ ክለቦች ደጅ ያለፈ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል።

በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ጉልበት ብቻውን አያዋጣም፤ መግባባት ያስፈልጋል። የ1973ቱን ውድድር ተመልከቱ። በነጠላው ፍጻሜ አውስትራሊያዊቷ ኢቮን ጉላጎንግ አሜሪካዊቷን ፔጊ ሚሼልን አሸነፈች። እነዚሁ ሁለት ተፋላሚዎች ግን በጥንድ ጨዋታ አንድ ወገን ነበሩ፤ የዚያን ዓመት የቶሮንቶ የጥንድ ዋንጫም የእነሱ ሆነ። በዓመቱ በ1974 የአውስትራሊያንና የዊምብልደንን የጥንድ ዋንጫዎች አብረው ወሰዱ። ባላጋራን ከመረቡ ማዶ ረትቶ፣ ከእሷው ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ማሸነፍ ትልቅ የመንፈስ ጥንካሬ የሚጠይቅ ነገር ነው። ጉላጎንግ በ1972ም ቶሮንቶ ላይ ነጠላውን አሸንፋለች።

የአፈሩ ዘመን ማብቂያ የሆነው 1978 ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያዋ ሬጂና ማርሺኮቫ ዓመት ነበር። ሮማኒያዊቷ ቪርጂኒያ ሩዚቺ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የነጠላውንም የጥንዱንም ዋንጫ ጠቅልላ ነበር የመጣችው። ማርሺኮቫ በፍጻሜው ረታቻት፤ የካናዳን ዋንጫ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አነሳች። ከአሜሪካዊቷ ፓም ቲጋርደን ጋር ሆናም የጥንዱን ጨመረች።

በዚያው ክረምት የአሜሪካው ኦፕን ከአፈር ወጥቶ ፍላሺንግ ሜዶው ወዳለው ጠንካራ ሜዳ ተዛወረ። የካናዳው ውድድር የሚካሄደው ከአሜሪካው ጥቂት ቀደም ብሎ በመሆኑ ተጫዋቾች እንደ መለማመጃ ያዩታል። በ1979 ቶሮንቶም አፈሩን ትታ ወደ ጠንካራ ሜዳ ገባች። ለውጡ ምክንያት ነበረው፤ ለጥንድ ጨዋታ ግን ረጅሙንና በብልሃት የሚፈታውን ነጥብ ቀነሰበት ብዬ አምናለሁ።

የካናዳ ልጆች በቶሮንቶ ሲታሰቡም የሚነሳው ነጠላው ነው። ፌይ ኧርባን በ1969 ካሸነፈች በኋላ ሌላ ካናዳዊት እስክታሸንፍ 50 ዓመት ፈጅቷል። በ2019 ከሚሲሳጋ የተገኘችው ቢያንካ አንድሬስኩ፣ ሴሬና ዊሊያምስ በጀርባ ሕመም ፍጻሜውን ስታቋርጥ ዋንጫውን ወሰደች። ከተማው በደስታ ተናወጠ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ከካናዳ ሴቶች መጀመሪያ የግራንድ ስላም ዋንጫ ያገኘችው የጥንድ ተጫዋች ናት። የኦታዋዋ ልጅ ጋብሪየላ ዳብሮውስኪ በ2017 ከህንዳዊው ሮሃን ቦፓና ጋር በፓሪስ አፈር ሜዳ የድብልቅ ጥንድ ዋንጫ አነሳች። በ2023ም ከኒውዚላንዳዊቷ ኤሪን ራውትሊፍ ጋር የአሜሪካውን ኦፕን አሸነፈች። በ2024 ቶሮንቶ ላይ ሁለቱ ለጥንድ ፍጻሜ ደርሰው ዋንጫውን በአሜሪካውያኑ ካሮላይን ዶልሃይድና ዴዚሬ ክራውቺክ ተነጠቁ።

ውድድሩ ዛሬ በቶሮንቶና በሞንትሪያል እየተፈራረቀ ይካሄዳል፤ ሴቶቹ በተጋማሽ ቁጥር ዓመቶች ቶሮንቶ ላይ፣ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይጫወታሉ። በዚያ ከተማ የምትኖሩ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ዋናውን ስታዲየም ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። በጎን ባሉት ሜዳዎች ላይ የሚጫወቱትን ጥንዶችም ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የአሸናፊዎቹንም ስም ለልጆቻችሁ ንገሩ።