ድንጋይ ያለቀበት ቁልፍ

አባቶቻችን «የባትሪ ድንጋይ» ነበር የሚሉት። ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተው አንድ ሁለት ዜና ያስነግሩት ነበር። እኛ የሪሞት ዘመን ልጆች ግን የመኪና ቁልፍም ድንጋይ እንደሚበላ ትዝ የሚለን በሩ ላይ ቆመን ደጋግመን ተጭነነው ዝም ሲለን ነው። ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ጎታች፣ ከዚያ «ኮዱ ጠፍቷል፣ እንደ አዲስ ፕሮግራም ይደረጋል» የሚል ባለሙያ። እስቲ ብሩ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ታሪኩን እንጨዋወት።

ነገሩ የተጀመረው ፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሬኖ፣ ፉዌጎ በተባለችው መኪናው ላይ በር ከርቀት የሚከፍት ሪሞት ገጠመ። የፈጠረው ሰው ፖል ሊፕሹትስ ይባላል፤ ፈረንሳዮች ሪሞቱን «ፕሊፕ» የሚሉት ስሙን አሳጥረው ነው። እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን ስለሚሠራ ወደ መኪናው አነጣጥሮ መጫን ግድ ነበር። በኋላ የሬዲዮ ሞገድ መጣና ማነጣጠሩ ቀረ። ግን ሬዲዮ የሚሰማው ለባለቤቱ ብቻ አይደለም! የመጀመሪያዎቹ ሪሞቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ስለሚልኩ፣ ሌባው ጥግ ይዞ ይቀዳዋል፤ ባለቤቱ ሲሄድ መልሶ ያሰማዋል።

መፍትሔው በተጫኑት ቁጥር የሚቀያየር ኮድ ሆነ። በሰፊው ከተሠራጩት አንዱ ኪሎክ ይባላል፤ የተወለደው ደቡብ አፍሪካ፣ ናኖቴክ የተባለ ኩባንያ ውስጥ ነው (አዎ፣ አፍሪካ ውስጥ!)። በ1995 የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ገዛው። ለእኛ ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኮዱና ቆጠራው የሚቀመጡት ኃይል ቢቋረጥም በማይረሳ ማኅደር ውስጥ ነው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ሪሞቶች ድንጋይ ሲወጣ ኮድ አይጠፋም።

ሞተሩማ ከናካቴው ሌላ ታሪክ አለው። የመኪና ስርቆት አውሮፓን ስላስመረረ፣ ጀርመንና እንግሊዝ ከ1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው አስገደዱ። ቁልፉ ውስጥ ያለችው የዚህ ቺፕ ድንጋይ የላትም፤ ኃይሏን የምትወስደው ከመኪናው ጥቅል ሽቦ ነው። በቁልፍ በምትነሳ መኪና የሪሞቱ ድንጋይ ማለቅ ሞተሩን አያስቀረውም። በአዝራር በሚነሱትም ቢሆን ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፤ በሩን በእሱ ከፍታችሁ ሪሞቱን ከአዝራሩ ብታስጠጉት አብዛኞቹ ይነሳሉ። መሐንዲሶቹ ራሳቸው ድንጋዩን አላመኑትም ማለት ነው።

ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ነው፦ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። ሌላ መጠንም ስላለ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን አንብቡና ሰዓት ጠጋኝ ጋ ጠይቁ። ሽፋኑ በትንሽ ካቻቢቴ ይከፈታል፤ የመደመር ምልክቱ በየት በኩል እንደነበር አስተውላችሁ አዲሱን እንደዚያው አስገቡ።

አሮጌውን ግን ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። አሜሪካ በ2022 ያወጣችው የእነዚህ ባትሪዎች ሕግ የተሰየመው ከሪሞት የወጣ ድንጋይ ውጣ በሞተች ሪስ በተባለች ሕፃን ስም ነው።