«ይመለስ!» ከማለታችን በፊት

በንግግር ትምህርት ክፍላችን አድማጭን የሚያሳምን የሰባት ደቂቃ ንግግር አዘጋጁ ተባልንና አራት ሆነን ተመደብን። ርእስ መምረጡ ብዙም አልፈጀብንም። «የመቅደላ ቅርስ ይመለስ!» አልንና ወደ ሻይ ቤት ሄድን። ማን ይቃወመናል? ገና ሳንናገር ጭብጨባው ይሰማን ነበር።

ከመካከላችን አንዷ ግን ሻይዋን እያማሰለች፣ «ሁሉም አስቀድሞ የተስማማበትን መናገር ማሳመን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አጣን። ስለዚህ ከለንደን ሙዚየም ጠበቃ ፊት እንደምንቆም ቆጥረን ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ ሦስት ሳምንትም ከረምን።

መጀመሪያ ያገኘነው የሚያንገበግብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በመቅደላ አምባ ራሳቸውን ሠዉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ፤ ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሐራጅ ተባለ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ታደለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ ብዙ ገዛ። ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እዚህ ላይ ንግግራችን ያለቀ መሰለን።

ችግር የመጣው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስንሄድ ነው። ለመሆኑ እነዚያ መጻሕፍት መቅደላ ምን ያደርጉ ነበር? ንጉሡ በአምባው ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት መድኃኔ ዓለም ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው ናቸው፤ ብዙዎቹም በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትዘረፍና ስትቃጠል የተወሰዱ። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ እንኳ ቀድሞ የጎንደር ቁስቋም ንብረት እንደነበረ ይታመናል።

«ተዉት ይሄን፤ ማን ያውቃል?» አለ አንዱ ጓደኛችን። ያን ቀን እስከ ማታ ተጨቃጨቅን። ብንደብቀው ተቃዋሚያችን ያወጣዋል፤ ባያወጣው ደግሞ እኛው እናውቀዋለን። በመጨረሻ የገባን ነገር ቢኖር፣ የፈራነው እውነት ከእኛ ጋር የሚቆም መሆኑ ነው። ባለቤቱ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን ደብሩ ከሆነ፣ «ከጠላታችን በጦርነት የማረክነው ነው» የሚለው ክርክር መሬት አይዝም። ቁስቋም እኮ ከናፒየር ጋር አልተዋጋችም!

«የዚያን ዘመን ሥራ በዛሬ ሚዛን አትመዝኑ» ይሉናል ብለንም ሰግተን ነበር። መልሱን ያገኘነው ከራሳቸው ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን በ1863 ዓ.ም. እነዚህ ዕቃዎች መወሰዳቸው እንዳሳዘናቸው በይፋ ተናግረዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን የት እንዳለ አይታወቅም ተባለ፤ ለካ ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል። እንግዲህ ጥያቄው ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ መመለስም እንደሚቻል ያን ጊዜውኑ ታይቷል።

የቀረው ሕጉ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1963 የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ሙዚየሙ ንብረቱን እንዳይሰጥ ይከለክላል። ነገር ግን ለስብስቡ የማይሆንና መውጣቱ አጥኚዎችን የማይጎዳ ዕቃ ቢኖር፣ መልቀቅ የሚቻልበት ቀዳዳ አለው። እዚህ ላይ አራታችንም በአንድ አፍ «ታቦታቱ!» አልን። በሙዚየሙ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላው ዘመቻ ጋር የተያያዙ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም፤ ለአጥኚም አይወጡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች ራሳቸው አያዩዋቸውም። ማንም የማያየውን ታቦት «ለዓለም ሕዝብ ነው የያዝነው» ማለት ምን ማለት ነው? ምሳሌም አለ። በኤድንበርግ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል። የቴዎድሮስ ጉንጉን ጸጉርም በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመልሷል።

እናም «ሁሉም ይመለስ» የሚለውን ትልቁን ርእሳችንን ትተን «ታቦታቱ ይመለሱ» በሚለው ጠባብ ርእስ ቀረብን። የጎንደርን ነገር በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ራሳችን ተናገርን። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጭብጨባው ያሰብነውን ያህል አልነበረም። ስንወርድ ግን ከኋላ ተቀምጦ የነበረ ልጅ መጥቶ፣ «ስለ ጎንደር ጠይቄ ላፋጥጣችሁ ነበር፤ ቀደማችሁኝ» አለን። ከዚያም ትንሽ ቆም ብሎ፣ «ታቦታቱስ ስንት ናቸው ያላችሁት?» ሲል ጠየቀ።

ለእኛ ከጭብጨባው ይልቅ ያች ጥያቄ በለጠችብን።