ቴምር፣ ማኬሬልና ብርብራ

ጥሊሊ ከባሕር ሩቅ ናት። የቀድሞ ሰዎቿ የባሕርን ጨው የሚያውቁት በአሞሌ ነበር፤ ጥንት ቀይ ባሕር ተኝቶበት ከነበረው የአፋር ረባዳ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ጎጃም ገበያ ሲደርስ እንደ ገንዘብ እየተቆጠረ። ታዲያ ከዚህ ተቀምጦ ስለ ባሕር ዓሣ ክብረ ወሰን ማውራት ቢያስቅ አይፈረድም። እኔን ግን ወደዚህ ወሬ ያገባኝ የጥሊሊ መንገድ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰከላ ሲታጠፉ ግሽ ዓባይ ይገኛል፤ እዚያ የዓባይ ምንጭ ዳር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ቆሞ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ የዓሣን ነገር ችላ የሚል ሰው አልነበረም።

ብሩስ በዓባይ ታችኛው መንገድ፣ በግብጽ፣ «ቢኒ» የሚባል ዓሣ አይቶ ሥዕሉን በመጽሐፉ አስገብቷል። አያያዙንም ጽፏል። አጥማጁ ዘይት፣ ሸክላ አፈር፣ ዱቄትና ማር ከጭድ ጋር አድርጎ በእግሩ ይረግጣል፤ ልክ ቤት ለመምረግ ጭቃ እንደምናቦካው። ከዚያ ቴምር ቆራርጦ በቡኮው ላይ ይሰገስጋል፤ በየመንጠቆውም ቴምር እየሰካ በቡኮው ውስጥ ይቀብራል፤ ከያንዳንዱ መንጠቆ ጠንካራ ገመድ ይወጣል። በተነፋ የፍየል አቁማዳ ላይ ተቀምጦ መሐል ወንዝ ይገባና ቡኮውን ጥልቁ ላይ ይለቀዋል። የገመዶቹ ጫፍ ዳር ላይ ከተተከለ የዘንባባ ዝንጣፊ ይታሰራል፤ ዝንጣፊው ላይ ቃጭል አለ። ሰውየው ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ቡኮው ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ዓሣው ቴምር ለቃቅሞ ለቃቅሞ መንጠቆ ያለበትን ይውጣል፣ ቃጭሉ ይጮኻል። ዓሣ ራሱን አስይዞ ደወል ሲደውል ከዚህ በላይ ምን ብልሃት አለ!

ባሕር ላይ ብልሃቱ ሌላ ነው፤ ሚዛንና ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የመንጠቆ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር የማን ዓሣ ስንት ኪሎ እንደመዘነ እየመዘገበ ይይዛል፤ ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይም ከምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ነበር። ከመዝገቡ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው አልፍሬድ ግላሰል ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1953፣ ከፔሩ የካቦ ብላንኮ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በማኬሬል ዓሣ አባብሎ 707 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥቁር ማርሊን አወጣ። ትግሉ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀ። ያ ክብረ ወሰን ዛሬም አልተነካም፤ የተቀረጸው ፊልም ደግሞ «ሽማግሌውና ባሕሩ» በሲኒማ ሲሠራ ገብቷል።

ማኬሬሉ ግላሰልን ሲያስከብር፣ የዓሣ ነባሪ ሥጋ ሌላውን አጥማጅ ክላይቭ ግሪንን አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1976 በምዕራብ አውስትራሊያዋ አልባኒ የያዘው ነጭ ሻርክ 1,537 ኪሎ ግራም መዝኗል፤ በ1959 አልፍ ዲን እዚያው አውስትራሊያ ከያዘው 1,208 ኪሎ ግራም ሻርክ በእጅጉ ይበልጣል። አልባኒ ያኔ የዓሣ ነባሪ አደን ከተማ ነበረችና ሥጋው ሞልቷል። ማኅበሩ ግን እንዲህ ባለ ሥጋ የተያዘን አልመዘግብም አለ። ትልቁ ሻርክ ቀርቶ ትንሹ መዝገብ ላይ ቆየ።

ወደ ዓባይ ስንመለስ፣ የናይል ፐርች ዓሣ ክብረ ወሰን የተያዘው በግብጹ ናስር ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ 104 ኪሎ ግራም። እዚያ ሐይቅ ላይ ብዙ አጥማጆች የሚጎትቱት ቴምር ሳይሆን የፋብሪካ ዓሣ ነው። የዚህ ዓይነቱን አስመሳይ ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ ቀርጾ፣ በቸኮላት መጠቅለያ አብለጭልጮ ነበር የጀመረው። የቆሰለ ዓሣ አስመስሎ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ አዳኙም ይከተለዋል።

ናይል ፐርች ግን ጣና ላይ የለም። ጢስ ዓባይ ገደል ነውና ከታች የመጣ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ያ በር በመዘጋቱ የቢኒ ዘመዶች የሆኑት የጣና ነጭ ዓሦች የአዳኙን ቦታ ራሳቸው ያዙት፤ 15 ዝርያ ሆነው ስምንቱ ዓሣ በል ሆነዋል። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ ይኸ ለእኔ ከሻርኩ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

ክረምት ሲገባ ከነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች፣ ግልገል ዓባይንም ጨምሮ፣ ይወጣሉ። እዚያ መረብ በወንዙ አፍ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ሌላም አለ፤ የብርብራ ፍሬ። ደርቆ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ በእፍኝ ተይዞ ረጋ ባለ ኩሬ ላይ ይበተናል። ቴምር የለው፣ ማኬሬል የለው፣ ቃጭልም አይጮኽ። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ዕንቁላል የያዘችውም ነጭ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ።