ሰባት ደቂቃ

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ የምለምናችሁ ነገር አለ። "ዓ.ም." ያልኩበት የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው የፈረንጆቹ።

ባለፈው ሳምንት ሮማናት አደባባይ አጠገብ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ "መምህር፣ አጭር ፊልም ሠርቻለሁ፤ የት ላሳየው?" አለኝ። "ዩቲዩብ ላይ ጫነዋ!" ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ልጁ የጠየቀኝ እሱን አልነበረም። ሰው ተሰብስቦ፣ መብራት ጠፍቶ (በራሳችን ፈቃድ ማለቴ ነው)፣ አብሮ አይቶ አብሮ የሚከራከርበት ቦታ ነው የጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝ አለ።

እስቲ ከራሳችን ታሪክ እንጀምር። የ77ቱን ድርቅ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በጥቅምት 1984 ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን እና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ መቐለና ኮረም ደርሰው ያዩትን ቀረጹ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ ዘገባው ሰባት ደቂቃ ገደማ ነበር። ከዚያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። እዚሁ መቐለ ለቀይ መስቀል ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊት ነርስ ክሌር በርትሺንገር፣ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል የትኞቹ ምግብ እንደሚያገኙ ለመምረጥ ስትገደድ ዓለም አየ። በዚያው ሰሞን የካናዳ ቴሌቪዥን ቡድን እዚሁ መቐለ ትሞታለች የተባለች አንዲት ሕፃን ቀረጸ፤ ብርሃን ወልዱ። ምስሏ ሐምሌ 1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ብርሃን ግን ተረፈች፤ በ2005 ለንደን በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ በእግሯ ቆማለች።

እነዚህ ፊልሞች ሕይወት አድነዋል። ይህን የሚክድ ካለ የዚያን ዘመን ሰው ይጠይቅ። ሞሐመድ አሚንም ውለታው የሚረሳ አይደለም፤ በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ አለፈ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ፊልሞቹን ለንደን አየቻቸው፣ ኒውዮርክ አየቻቸው፣ ቶሮንቶ አየቻቸው። የተቀረጹት ሰዎች ግን ተመልካች አልነበሩም። "እንዲህ አይደለም፤ እዚህ ጋ ይጨመር፤ ይሄን ተወው" የሚሉበት ወንበር አልተሰጣቸውም።

የፊልም ፌስቲቫል ማለት ለእኔ ይኸው ወንበር ነው።

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ወንበር እንዴት እንደሚዘረጋ የሚያሳዩ ከተሞች አሉ። የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ሲባል ፓሪስ ወይም በርሊን የተወለደ ይመስለናል። አይደለም። ኦበርሃውዘን የምትባለው ከተማ በምዕራብ ጀርመን የምትገኝ የድንጋይ ከሰልና የብረት ከተማ ናት። አካባቢው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተደብድቧል። ጦርነቱ ካበቃ ገና ዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1954፣ የከተማዋን የጎልማሶች ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ሂልማር ሆፍማን የተባለ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው አጫጭር ፊልሞች የሚታዩባቸውን ቀናት አዘጋጀ። ልብ በሉ፣ አስተማሪ ነው! ከ1958 ጀምሮ መፈክራቸው "ወደ ጎረቤት የሚወስድ መንገድ" ሆነ። ጀርመን ለሁለት ተከፍላ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተፋጠው በነበረበት ጊዜ፣ የምሥራቁን ወገን ፊልም አምጥተው ለከሰል ቆፋሪዎች ከተማ አሳዩ። በ1962 ደግሞ 26 ወጣት ፊልም ሠሪዎች እዚያው ተነሥተው "አሮጌው ሲኒማ ሞቷል" የሚል መግለጫ አወጡ። አሌክሳንደር ክሉገ ከነሱ አንዱ ነበር። አዲሱ የጀርመን ሲኒማ የሚባለው ከዚያ ነው የተነሣው። ከበርሊን አልነበረም፤ ከከሰል ከተማ።

ሁለተኛዋ ክሌርሞን ፌራን ናት፤ የሚሽሊን ጎማ የሚሠራባት የፈረንሳይ ከተማ። በ1979 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፊልም ክበብ አንድ የአጭር ፊልም ሳምንት አዘጋጀ። በ1981 ማኅበር አቋቋሙ። በ1982 ውድድር ያለው ፌስቲቫል ሆነ። ዓለም አቀፍ የሆነው በ1988 ነው። ቁጠሩት፤ ከክበብ ወደ ዓለም አቀፍ ዘጠኝ ዓመት። የከተማዋ ነዋሪ 150 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው፤ ከኮሮና በፊት በአንድ ፌስቲቫል ከ160 ሺህ በላይ መግቢያ ይቆረጥ ነበር። መቐለ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንኳ ከ215 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። "ትንሽ ከተማ ነን" የሚለው ምክንያት አያዋጣም ለማለት ነው።

ሁለቱን ከተሞች ያሳደጋቸው ምንድን ነው? ገንዘብ ኋላ መጣ። መጀመሪያ የነበሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ቀኑ አይዛነፍም፤ ሰው ከዓመት ዓመት ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ ከፊልሙ በኋላ ክርክር አለ። ሦስተኛ፣ ፊልሙን ያስቀምጣሉ። ክሌርሞን ፌራን አጫጭር ፊልሞች የሚሰበሰቡበት ራሱን የቻለ ማዕከል አላት። ይቺን ሦስተኛዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኛስ አገር? ተሞክሯል፤ ያውም ብዙ ጊዜ። ይርጋሸዋ ተሾመ የመሩት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል አለ። በ2007 ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የዘጋቢ ፊልሞችን ፌስቲቫል ጀመረ። በ2010 ማጂዳ አብዲ "ኢሜጅስ ዛት ማተር" የተሰኘ ዓለም አቀፍ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል አዘጋጀች። በ2012 አብርሃም ኃይሌ ብሩ "ከለርስ ኦፍ ዘ ናይል"ን ይዞ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ዮናስ ብርሃነ መዋ የጉማ ሽልማትን ጀመረ። ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል። ሁሉም ግን አዲስ አበባ ነው የተተከሉት። አጭር ፊልም ደግሞ ሲኒማ ቤት ገብቶ ትኬት አይሸጥም፤ ገበያው ፌስቲቫሉ ራሱ ነው። ፌስቲቫል የሌለበት ከተማ የሚኖር ልጅ አጭር ፊልም ሠራ ማለት ደብዳቤ ጽፎ ፖስታ ቤት አጣ ማለት ነው።

ችሎታው የለም እንዳትሉኝ። የሕይወት አድማሱ አጭር ፊልም በ2015 ቬኒስ ላይ ታይቷል። የቤዛ ኃይሉ ለማ "አላዛር" በ2024 ካን በተቺዎች ሳምንት ተመርጧል። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። እኔ የፊልም ነገር የማይሰለቸኝ ሰውዬ ግን እዚህ ከተማ ቁጭ ብዬ ስማቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

አሁን ወደ ልመናዬ።

አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. የፊልም ክበብ ነበረን። ነጭ አንሶላ በሁለት ሚስማር ወጥረን፣ ፕሮጀክተር ተውሰን። የመጀመሪያው ምሽት እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። በሦስተኛው ዓመት ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። አንዷ ተማሪዬ የውኃ ወረፋ ቀርጻ ነበር፤ ያ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ፣ ስድስት ደቂቃ። ሁላችንም አጨበጨብን። አንዲት የሰፈር እናት ግን ተነሡና "ልጄ፣ ጀሪካኑን አሳየሽን፤ ጀርባችንንስ?" አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ በሳምንቱ ተመልሳ ሄዳ ሴቶቹ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ቀረጸች። ፊልሙ ያኔ ነው ፊልም የሆነው። ይህንን አስተያየት ቬኒስ ላይ ማንም አይሰጣትም ነበር።

ሌላው ልጅ አያቱን ቀረጸ። ሰዋ ሲጠምቁ፣ አራት ደቂቃ ብቻ። ከካሜራው ጀርባ "ዓባየይ፣ እስቲ እንደገና አማስይው" ሲላቸው ይሰማል፤ እሳቸው ይቆጡታል፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጀመረ። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ባንክ የለም፤ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ፣ ከወራት በኋላ ወደ ክፍሌ ስመለስ ኮምፒውተሩም የለም፣ ሃርድ ዲስኩም የለም። የሦስት ዓመት ፊልም በአንድ ሳጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት፤ አንድም ኮፒ ሌላ ቦታ አላኖርኩም። ሦስተኛዋን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያ አያቱን የቀረጸው ልጅ ዛሬ በሕይወት የለም። አያቱ ባለፈው ዓመት በሰው ተመርተው ቤቴ ድረስ መጡ። ፎቶ አላቸው፤ ፎቶ አልፈለጉም። "ድምፁ ያለበት ነገር አለ ብለውኛል፤ እሱን ስጠኝ" ነው ያሉኝ። ምን እላለሁ? ቡና አፈላንላቸው፤ ጠጥተው ሄዱ።

እና ልመናዬ ይኸው። በእነዚያ ዓመታት ክበቡ ውስጥ የነበራችሁ፣ አሮጌ ስልካችሁን፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረች ሚሞሪ ካርዳችሁን፣ ፍላሻችሁን እስቲ ፈትሹልኝ። የአንዱን ፊልም በብሉቱዝ ለሌላው ትላላኩ ነበር፤ አውቃለሁ፣ ስቆጣችሁ ነበር! አሁን ግን ያ ጥፋታችሁ ያድነን ይሆናል። ውጭ ያላችሁም ጭምር። ምስሉ ቢበላሽ ግድ የለም፤ ድምፁ ብቻ ቢኖርም ላኩልኝ።

ሮማናት ላይ ለጠየቀኝ ልጅም መልስ አግኝቻለሁ። ከአሸንዳ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማታ አንሶላዬን እወጥራለሁ። ክረምት ስለሆነ ደጅ አይሆንም፤ ቦታውን እዚሁ እጽፋለሁ። ፌስቲቫል አልለውም፤ ስሙ ይቆየን። ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ፊልም ያለው ይምጣ፤ የሌለው ዓይኑንና አፉን ይዞ ይምጣ። አያትየውን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቅዳሜ። ደግሞ በሚቀጥለውም።

የሚታየው ፊልም ሁሉ ደግሞ በሦስት ቦታ ይቀመጣል። ተምሬያለሁ።

ያገኛችሁት ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሼር አድርጉት፤ ሚሞሪ ካርዷ ማን እጅ እንዳለች አይታወቅም።