«ይመጣል» እና «አለ»

የመርካቶ ነጋዴ «ዕቃው ነገ ይመጣል» ካለ ደንበኛው ተማምኖ ይሄዳል። ለመሆኑ ይህ ተስፋ ከቃሉ የት ላይ ነው ያለው?

ግዕዝ የአሁኑንም የወደፊቱንም «ይነግር» ብሎ ይጨርሰዋል። አማርኛ ግን «አለ»ን ጨምሮበት «ይነግራል»፣ «ይመጣል» አለ። «አይመጣም» ስንል «አለ» የለችበትም፤ አሮጌው መልክ እዚያ ተጠብቋል።

የገበያው ስም በ1928–1933 ዓ.ም. ወረራ ዘመን ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያንኛም የላቲንን የትንቢት ጊዜ ትቶ፣ «ካንታሬ ሃቤዮ» (መዝፈን አለኝ) ከሚለው የሕዝብ አነጋገር «ካንቴሮ» (እዘፍናለሁ) የሚለውን አወጣ።

እንግዲህ አማርኛን «የተበላሸ ግዕዝ» የሚል ሰው ጣልያንኛንም የተበላሸ ላቲን ይበል። ሁለቱ ቋንቋዎች መርካቶ ላይ ከመገናኘታቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ ነገን በየራሳቸው «አለ» ሠርተውት ነበር።