ከግንባታና ከቤት ፈረሳ የሚወጣ ቁርጥራጭ ብረት አያያዝ፣ ሽያጭና ዳግም አጠቃቀም

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ነባር የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ባለ ፎቅ ሕንፃዎች ሲገነቡ ከፍተኛ መጠን ያለው ቁርጥራጭ ብረት ይወጣል። ከፈረሰው ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የብረት በርና መስኮት፣ ምስማርና የውኃ ቧንቧ ይገኛል፤ ከአዲሱ ግንባታ ደግሞ የፌሮ ቁራጭ፣ የስታፋ ትርፍራፊ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ላሜራና ቱቦላሬ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ዋጋ ያለው ግብዓት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ አሮጌ ብረት ለሁሉም ሥራ አይውልም። ልዩነቱን አለማወቅ ገንዘብን ከማሳጣት አልፎ የሕንፃን ደኅንነትና የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ብረቱ የሚያልፍባቸው መንገዶች

ከየመንደሩ የሚወጣው አሮጌ ብረት በአብዛኛው በቆራሌዎች ተሰብስቦ ወደ አነስተኛ መጋዘኖችና ከክፍለ ከተማው ጋር በሚዋሰነው አዲስ ከተማ ወደሚገኘው የመርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ብረቱን ሳያቀልጡ ቅርጹን ለውጦ መጠቀም ሲሆን፣ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከላሜራ ምድጃ፣ ባልዲና የቤት ዕቃ መሥራት ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ብረቱን ወደ ፋብሪካ ወስዶ በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አቅልጦ እንደገና ማምረት ነው።

ብረት በተደጋጋሚ ሊቀልጥ የሚችል ማዕድን ነው። በዓለም አቀፍ የብረት ኢንዱስትሪ ስሌት አንድ ቶን ቁርጥራጭ ብረት ጥቅም ላይ ሲውል 1.4 ቶን ያህል የብረት ማዕድንና 740 ኪሎ ግራም ያህል የድንጋይ ከሰል ይድናል። ጥሬ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ ለሚያስገባ አገር ይህ ጥቅም የጎላ ነው።

ያገለገለ ፌሮ ለተሸካሚ አካል የማይውልበት ምክንያት

ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ ፌሮ በመዶሻ ተቃንቶ በርካሽ ሲሸጥ ይታያል። ታጥፎ የነበረ ብረት ሲቃና በታጠፈበት ቦታ ይደድራል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ሊያበጅ ይችላል። የዛገ ፌሮ ደግሞ ውፍረቱ ስለሚቀንስ በሕንፃው ንድፍ ላይ የተሰላውን ጭነት አይሸከምም። ስለዚህ ጥራቱ በፍተሻ ያልተረጋገጠ ያገለገለ ፌሮ ለመሠረት፣ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ መዋል የለበትም። ለጊዜያዊ አጥር፣ ለአበባ መደገፊያና ጭነት ለማይሸከሙ ቀላል ሥራዎች ግን ሊያገለግል ይችላል።

ክብደትን ማረጋገጥ

ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው በኪሎ ግራም ነው። ሻጩም ሆነ ገዥው የፌሮን ክብደት ያለ ሚዛን መገመት ይችላል። የፌሮው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተወስዶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ግራም ይገኛል። በዚህ መሠረት 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ሙሉ ፌሮ የሚከተለው ክብደት ይኖረዋል፦

• ባለ 8 ሚሊ ሜትር፦ 4.7 ኪሎ ግራም ገደማ
• ባለ 12 ሚሊ ሜትር፦ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ
• ባለ 16 ሚሊ ሜትር፦ 19 ኪሎ ግራም ገደማ

የሚዛኑ ንባብ ከዚህ ስሌት በእጅጉ ከራቀ፣ ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት በሌላ ሚዛን ማረጋገጥ ይገባል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ሕጋዊ ጉዳዮች

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከግንባታና ከፈረሳ ስለሚወጣ ፍርስራሽ ራሱን የቻለ ድንጋጌ ይዟል። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ተከራዩ ቆርቆሮውን ወይም በሩን ነቅሎ የመሸጥ መብት የለውም። የስልክና የኤሌክትሪክ መስመር ብረትና ሽቦ መስረቅ ወይም መጉዳት በአዋጅ ቁጥር 464/1997 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

በሥራ ቦታ የሚደረግ ጥንቃቄ

1. ብረቱ ከአፈርና ከኮንክሪት ፍርስራሽ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በዓይነት ይለያል። መዳብ ከብረት ጋር ከቀለጠ ለማውጣት ስለሚያዳግትና የምርቱን ጥራት ስለሚያበላሽ ለብቻው ይቀመጣል።
2. የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ በእሳት አይቃጠልም፤ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ልባሱ በመሣሪያ ይላጣል።
3. የተዘጋ የጋዝ ሲሊንደርና ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል በመቁረጫ ወይም በብየዳ አይነካም።
4. ፈንጂ የሚመስል ወይም የጨረር ምልክት ያለበት ዕቃ ሲገኝ ሳይነካ፣ ሰው ከአካባቢው ርቆ፣ ወዲያውኑ ለፖሊስ ይገለጻል።
5. ሽያጩ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ጋር ይፈጸማል፤ የክብደቱና የዋጋው ደረሰኝ ይጠበቃል።

በምንጩ ላይ መለየት ለምን ያስፈልጋል

ያልተለየ ብረት ከፍርስራሽና ከቆሻሻ ጋር ተጭኖ ሲወገድ፣ ኋላ ላይ በእጁ ቆፍሮ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው። በክፍለ ከተማው በሚገኘው የረጲ ቆሻሻ ማስወገጃ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፣ በርካታ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ኖረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብረትን በግንባታው ቦታ ለይቶ ማስረከብ ለባለቤቱ ገቢ፣ ለፋብሪካው ንጹሕ ግብዓት ያስገኛል፤ ከክምር ላይ ለቅመው ለሚኖሩ ሰዎች ደግሞ አደጋን ይቀንሳል።

ቤት የማፍረስ ወይም የመገንባት ዕቅድ ያለው ነዋሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስለ ፈቃድና ስለ ፍርስራሽ አወጋገድ በክፍለ ከተማው ከሚገኘው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት፣ በብረት ግዥና ሽያጭ ሥራ ለመሰማራት የሚፈልግ ደግሞ ከንግድ ጽሕፈት ቤት መረጃ ማግኘት ይኖርበታል።